በርበሬና ሽሮ ከቤት አዘጋጅቶ መሸጥ፤ የቤቱን ቀለብ ሳይነኩ

ይህ መመሪያ የተጻፈው ደመወዝ ወር ሳይሞላ ለሚያልቅባቸው ቤተሰቦች ነው። በተለይ ልጅ ስለምታሳድግ፣ የታመመ ስለምታስታምም፣ ወይም ተቀጥራ ብትሠራ ትራንስፖርቱና የሞግዚቷ ክፍያ ደመወዙን ስለሚጨርስባት ከቤት ሆና ገቢ ለማግኘት ለምታስብ ሰው ነው። አባወራዎችም ቢያነቡት ደስ ይለኛል። ጆንያ መሸከምና ወፍጮ ቤት ወረፋ መጠበቅ የሴት ብቻ ሥራ አይደለም፤ ሒሳቡም ሁለቱ አብረው ካልያዙት አይሰምርም።

ኑሮው መክበዱን ነጋሪ አያሻንም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዘይቱም፣ ሳሙናውም፣ መድኃኒቱም ተከትለው ወጡ፤ ደመወዝ ግን እንደነሱ አልሮጠም። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁሉም የሚሰጠው ምክር «ከቤት ሆናችሁ ትንሽ ነገር ጀምሩ» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ቢሆንም ጎዶሎ ነው። ከቤት የተጀመረ ሥራ ከስሮ ሲቆም ብዙ ጊዜ አይቻለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ እቃው በደንብ ተሽጧል። ገንዘቡ ግን ሳይታወቅ በሽንኩርት፣ በዳቦና በታክሲ አልቋል፤ ቀጣዩን ጆንያ የሚገዛ ነገር አልተረፈም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሽከረከረው በአንድ ነገር ዙሪያ ነው፤ የቤቱ ገንዘብና የሥራው ገንዘብ አንድ ኪስ ውስጥ አይግቡ።

መጀመሪያ የቤቱን ወጪ ጻፉ

አንድ ተራ ደብተር ግዙና ለአንድ ወር ሙሉ ከቤት የሚወጣውን እያንዳንዱን ብር መዝግቡ፤ የታክሲውን፣ የልጁን ብስኩት፣ የስልኩን ካርድ፣ ለቅሶ ቤት ይዛችሁ የሄዳችሁትን ሁሉ። ማታ ከእራት በኋላ ሁለታችሁም ያወጣችሁትን አስታውሳችሁ ብትጽፉ ይበቃል። ወሩ ሲያልቅ ወጪውን በሦስት ክፈሉት። አንደኛው ቢዘገይ መዘዝ የሚያመጣ ነው፤ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ መብራትና ውሃ፣ እድር። ሁለተኛው ቀለብ ነው። ሦስተኛው ሊቀነስ ወይም ሊዘገይ የሚችለው ነው።

እድርን አንደኛው ውስጥ ያስገባሁት ሆን ብዬ ነው። ችግር ሲመጣ ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያቋርጠው የእድር መዋጮ ነው፤ የወር ክፍያው ትንሽ ስለሆነ መቅረቱ አይታወቅም። ሐዘን የገባ ቀን ግን ድንኳኑንና ወንበሩን አቁሞ፣ ገንዘብ ይዞ የሚመጣው እድር ነው። ከእድር የወጣ ቤተሰብ ያን ቀን የሚያልፈው በብድር ነው፤ ብድሩም ለወራት ይከተለዋል።

ከወሩ ቀጥሎ ዓመቱን እዩ። ጳጉሜን ደመወዝ የላትም፤ ቀለብ ግን አላት። ወዲያው እንቁጣጣሽ ይመጣል፣ የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስ ይመጣል፣ የትምህርት ቤቱ ክፍያ ይመጣል፣ መስቀል ይከተላል። ከዚያ ገና፣ ጥምቀትና ፋሲካ፤ ሙስሊም ከሆናችሁም ረመዳንና ሁለቱ ኢዶች። የእነዚህ ቀናት ወጪ ዓምና ስንት እንደነበረ አስታውሳችሁ ደምሩትና ለ12 አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር በየወሩ መቀመጥ ያለበት ነው። ሙሉውን ማስቀመጥ ባትችሉ እንኳ ግማሹን ያስቀመጠ ቤተሰብ መስከረምን በእጅጉ ቀሎት ይሻገራል።

አዲስ አበባ ውስጥ ተከራይታችሁ የምትኖሩ ከሆነ አንድ ነገር ልብ በሉ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲጸና፣ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ያዛል። ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ፣ ተቆጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ ነው። ያልተመዘገበ ውል ይዛችሁ ለመከራከር ያስቸግራችኋል፤ ስለዚህ ወደ ወረዳው ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ከወጪዎች ሁሉ ትልቁን ማረጋጋት ከማንኛውም ቁጠባ ይበልጣል።

ቀለቡን ለማቅለል ከቤታችሁ በቅርብ ያለውን የእሁድ ገበያና የሸማቾች ማኅበር ተጠቀሙ። ሁለት ሦስት ጎረቤት ተስማምቶ ጤፍ በኩንታል፣ ሽንኩርት በጆንያ ገዝቶ ቢካፈልም ልዩነቱ ይታያል።

በርበሬና ሽሮ ለምን?

እንጀራ፣ ስፌት፣ ሹራብ፣ ልጅ ማስጠናት፣ የሌሎችን ልጆች ቤት ውስጥ መጠበቅ፣ ሁሉም ከቤት ይሠራል። እጃችሁ የሚያውቀውንና መሣሪያው ያላችሁን ምረጡ፤ ከዚህ በታች ያለው የሒሳብ ክፍል ለሁሉም ያገለግላል። እኔ በርበሬና ሽሮን የመረጥኩት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ መብራት ቢጠፋ እንደ ሊጥ አይኮመጥጥም፣ ዛሬ ባይሸጥ ነገ ይሸጣል። ሁለተኛ፣ የሠራተኛው ቁጥር በበዛበት ከተማ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በርበሬ የሚያሰጣበት ቦታም ጊዜም የሌለው ቤተሰብ ብዙ ነው። ሁሉም ይበላዋል፤ የሚያዘጋጀው ግን እየቀነሰ ነው።

መነሻ ገንዘብ

ለመጀመሪያው ዙር ከ10 ኪሎ ዛላ በላይ አትግዙ። ያቺ መጠን ስህተት ቢኖር ቤቱን የማትጥል፣ ሒሳቡን ግን በደንብ የምታስተምር ናት።

ለዚህ ሥራ በእኔ እምነት ከእቁብ የሚሻል የገንዘብ ምንጭ የለም። ወለድ የለውም፤ የሚጠይቀው ዋስና ታማኝነት ነው። አገባቡን ግን እወቁበት። ዋጋ በየወሩ በሚጨምርበት ዘመን መጀመሪያ ዕጣ የወጣለትና መጨረሻ የደረሰው ሰው እኩል አልወሰዱም፤ የብሩ ቁጥር አንድ ቢሆንም የሚገዛው ጆንያ ይለያያል። ስለዚህ ገና ስትገቡ ለዳኛውና ለጸሐፊው ተናገሩ፤ ገንዘቡ የሚያስፈልጋችሁ አዲሱ በርበሬ ወደ ገበያ በሚገባበት በኅዳርና በጥር መካከል ነው። ዕጣ የደረሰው ሰው ካልቸኮለ ተራውን እንዲለዋወጥ የሚፈቅዱ እቁቦች ብዙ ናቸው። ዕጣ በገንዘብ ለመግዛት ከተገደዳችሁ ግን የጨመራችሁትን ብር እንደ ወለድ ቁጠሩትና ከበርበሬው ወጪ ላይ ደምሩት። መዋጮውንም መጀመሪያ ላይ ከደመወዝ መክፈል የምትችሉት ያህል ብቻ አድርጉት፤ ገና ባልተሸጠ በርበሬ ተማምኖ እቁብ መግባት ቤትን ያናጋል።

በስልክ የሚገኘው ብድር፣ የቴሌብሩም ሆነ የባንኮቹ፣ ለድንገተኛ ሕክምና ወይም ለአንድ ሳምንት ክፍተት ይጠቅማል። ለበርበሬ ግን አይመችም። የሚመለስበት ቀን ቅርብ ነው፣ የአገልግሎት ክፍያ አለው፤ የበርበሬ ገንዘብ ደግሞ ገዝቶ፣ አድርቆ፣ አስፈጭቶ፣ ሸጦ እስኪሰበሰብ ጊዜ ይወስዳል። በመሥሪያ ቤት ወይም በአካባቢ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ካለ ግን አሁኑኑ አባል ሁኑ፤ ለመበደር አስቀድሞ መቆጠብ ስለሚጠይቅ ዛሬ የጀመራችሁት ለከርሞ ያገለግላችኋል።

ግዢ

ከተቻለ መርካቶ በርበሬ በረንዳ ወይም ሾላ ገበያ ማልዳችሁ ሂዱ። የማረቆ በርበሬ በቀለሙና በጣዕሙ የታወቀ ነው፤ የሀላባና የቡሬም ደንበኛ አላቸው። ሻጩ ከሚለው ይልቅ እጃችሁን እመኑ። ዛላውን ስትሰብሩት ተንኮሻኩሾ መሰበር አለበት፤ ሲያዝ የሚታጠፍና የሚለምጥ ከሆነ እርጥበት አለው፣ የምትከፍሉትም ለውሃው ጭምር ነው። ጥቂት ዛላ ከጆንያው አፍ ብቻ ሳይሆን ከመሃልና ከታች አስወጡና ሰንጥቁ። ውስጡ ነጭ ወይም ግራጫ አቧራ የመሰለ ሻጋታ ከያዘ፣ ፍሬው ከጠቆረ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ተዉት። አፍላቶክሲን የሚባለው መርዝ የሚመጣው ከሻጋታ ነው፤ ጉበት ይጎዳል፣ በማመስም አይጠፋም፣ ከተፈጨ በኋላ በዓይን አይለይም። የሰው ልጅ የሚበላውን ነው የምትሸጡት።

የተፈጨ በርበሬ ገዝታችሁ ከራሳችሁ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅሉ። ቅመሙንም ሳይፈጭ ግዙ፤ ኮረሪማው ከነልጣጩ፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ ነጭ አዝሙዱና ድንብላሉ በፍሬው ይሁን። በርበሬ ላይ የሸክላ ጡብ ዱቄት ሲቀላቀል መያዙን ሁላችንም ሰምተናል፤ እናንተን ከገበያው የሚለያችሁ ደንበኛው ከምን እንደተሠራ ማወቁ ነው።

ለሽሮ አተሩን፣ ሽንብራውንና ባቄላውን ስትገዙ ነቀዝ መኖሩን አንድ እፍኝ በነጭ ወረቀት ላይ በትናችሁ እዩ። ቀዳዳ ያለው ፍሬና ደቃቅ ዱቄት ካያችሁ እለፉት።

ዝግጅት

መቀንጠሱን፣ መደለዙን፣ ማመሱን ከእናቶቻችን ስለምናውቀው አልደግመውም። ለጓዳ ሳይሆን ለሽያጭ ሲሆን የሚለወጡትን ብቻ ላንሳ።

«በግምት» የሚባል ነገር ቀረ። ትንሽ የወጥ ቤት ሚዛን ግዙና ለአንድ ኪሎ ዛላ የምትጨምሩትን ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቀይ ሽንኩርት፣ በሶብላ፣ ኮረሪማና ጨው በግራም ጻፉ። ደንበኛ ሁለተኛ የሚመለሰው የመጀመሪያውን ጣዕም ፍለጋ ነው። ጨው ክብደት ስለሚጨምር ማብዛቱ ያጓጓል፤ ወጡ ላይ ግን ወዲያው ይታወቃል።

ጎረቤት አትርሱ። በጋራ ግቢ ውስጥ በርበሬ ሲታመስ የሚነሳው ጭስ ሕፃን ያስላል፣ አስም ያለበትን ሰው አደጋ ላይ ይጥላል። ስለዚህ ከአንድ ቀን በፊት ለአከራይና ለጎረቤት ተናገሩ፤ የምታምሱት ልጆች ትምህርት ቤት ከሄዱ በኋላ፣ ክፍት ቦታ ላይ ይሁን፤ አፍና አፍንጫችሁንም ሸፍኑ። ሲያልቅ ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ስኒ በርበሬ አድርሱ። ያ ስኒ በደብተሩ ላይ የሚጻፍ ወጪ ነው፤ የመጀመሪያ ደንበኞቻችሁም የሚመጡት ከዚያ ነው።

ወፍጮ ቤት ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ድካም የሚበላሸው እዚያ ነው። ከእናንተ በፊት ምን እንደተፈጨ ጠይቁ። በቆሎ ወይም ጓያ ከተፈጨ ተራችሁን ለሌላ ሰጥታችሁ በርበሬ ካስፈጨ ሰው በኋላ ግቡ። ወፍጮው ሆድ ውስጥ የቀረው የሰው ዱቄት ከእናንተው ጋር ተቀላቅሎ ስለሚወጣ የመጀመሪያዋን ጥቂት እፍኝ ለብቻ ተቀበሉና ከሚሸጠው ጋር አትቀላቅሏት። አስቀምጣችሁ አትሂዱ፣ ቁሙና ጠብቁ። የወጣው ዱቄት ትኩስ ስለሚሆን ቤት ስትደርሱ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግታችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪበርድ ጠብቁ፤ ትኩሱን ላስቲክ ውስጥ ያሸገ ሰው ያላበውን እርጥበት አብሮ ያሽጋል፣ ከሳምንታት በኋላም ዱቄቱ ይጓጉላል። ከነፋችሁት በኋላ መዝኑ። ይህ የመጨረሻው ክብደት ለዋጋ ስሌቱ የሚያስፈልገው ቁጥር ነው።

በሩብ፣ በግማሽና በአንድ ኪሎ አሽጉ። በእያንዳንዱ ላይ የተዘጋጀበትን ቀን፣ ክብደቱንና የያዘውን ነገር የሚገልጽ ትንሽ ወረቀት ለጥፉ።

ዋጋ ማውጣት

ከዚህ በታች ያሉት ዋጋዎች ስሌቱን ለማሳየት ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ በቦታቸው የራሳችሁን ገበያ ዋጋ ተኩ።

ዛላ በርበሬ፣ 10 ኪሎ በ450 ብር፦ 4,500
ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ቀይ ሽንኩርት፦ 900
ቅመማ ቅመምና ጨው፦ 1,100
ወፍጮ፦ 250
ትራንስፖርት፦ 300
ማሸጊያና ወረቀት፦ 180
ከሰልና መብራት፦ 150

ድምሩ 7,380 ብር ነው። ከወፍጮ ወጥቶ ከተነፋ በኋላ የተገኘው 9 ኪሎ ቢሆን፣ አንዱ ኪሎ 820 ብር ወጥቶበታል ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ጎረቤት «850 አድርጊልኝ» ሲላት በደስታ ትሰጣለች፤ 30 ብር አትርፌያለሁ ብላ። በ9 ኪሎ ሲባዛ 270 ብር ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ቀንጥሳ፣ ደልዛ፣ ዓይኗ እያለቀሰ አምሳ፣ ወፍጮ ቤት ቆማ ያገኘችው 270 ብር ነው።

ጉልበታችሁን ዋጋ ስጡት። ለአንድ ቀን ድካም 300 ብር ብታስቡ፣ ሦስቱ ቀን 900 ብር ነው፤ ድምሩ 8,280 ይሆናል፣ አንዱ ኪሎም 920 ብር። ትርፍ የሚጀምረው ከ920 በላይ ነው። 1,050 ብትሸጡት ከኪሎ 130፣ ከዘጠኙ 1,170 ብር ታተርፋላችሁ።

አሁን በኑሮ ውድነት ጊዜ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገውን ልናገር። ቀጣዩን ዙር ልትገዙ ስትሄዱ ዛላው ከ450 ወደ 520 ብር ወጥቶ ብታገኙትስ? ለዚያው 10 ኪሎ 700 ብር ተጨማሪ ያስፈልጋል። ይህ 700 ብር የሚወጣው ከ1,170ው ላይ ነው፤ ስለዚህ እውነተኛው ትርፍ 470 ነበር። 1,170ውን ትርፍ ነው ብላችሁ ለበዓል በግ ብታወጡት፣ ቀጣዩ ዙር 10 ኪሎ መሆኑ ቀርቶ ወደ ስምንት ተኩል ይወርዳል፤ ከዚያ ሰባት፤ ሥራው ማንም ሳያስተውል ያልቃል። ስለዚህ ከመሸጣችሁ በፊት ገበያ የሄደ ሰው ጠይቃችሁ የሳምንቱን የዛላ ዋጋ እወቁ፤ የመሸጫ ዋጋችሁንም አምና ወይም ባለፈው ወር በገዛችሁበት ሳይሆን ነገ በምትገዙበት ዋጋ ላይ መሥርቱ። ይህ ደንበኛን መበዝበዝ አይደለም። በዋጋው ቅር የሚለው ካለ ደብተራችሁን ግለጡና አሳዩት፤ ብዙ ሰው ስሌቱን ሲያይ ይስማማል።

ለቤታችሁ ድስት የምታወጡትን በርበሬም መዝግቡና ከቀለቡ ገንዘብ ወደ ሥራው ክፈሉ። በ820 ይሁን፣ ትርፍ አይጨመርበት፤ ግን ይከፈል። ለዘመድ የሚሰጠውም እንዲሁ። «ከቤት ነው» ተብሎ ሳይጻፍ የሚወጣው አንዳንድ ስኒ በወር ሲደመር ከትርፉ ሊበልጥ ይችላል።

ዱቤ

ዱቤን ፈጽሞ ከልክሉ አልልም። በአንድ ሰፈር እየኖሩ ያ አይቻልም፤ እኛም በዱቤ የኖርንበት ወር አለ። ወሰን ግን ይኑረው። በአንድ ዙር ለዱቤ የሚወጣው ከአንድ ወይም ከሁለት ኪሎ አይለፍ፤ የፊተኛውን ላልከፈለ ሰው ሁለተኛ አይሰጥ፤ ስሙና ቀኑ እያየ ይጻፍ። ማሳፈር ሳያስፈልግ እንዲህ ማለት ይቻላል፦ «እትዬ፣ ለእርስዎ መከልከል ይከብደኛል። ይህ ግን የእቃው መግዣ ነው። ግማሽ ኪሎውን ዛሬ ይውሰዱ፣ የቀረውን ደመወዝ ሲወጣ እኔው ቤት ድረስ አመጣልዎታለሁ።» አክብሮቱ ሳይጓደል ገንዘቡም አልጠፋም። ደመወዝ በሚወጣበት ሳምንት ቤት ለቤት ማድረስን ልማድ ብታደርጉት ደግሞ ዱቤ የሚጠይቀው ራሱ ይቀንሳል።

በስልክ የሚከፍል ደንበኛ ሲመጣ የሚያሳያችሁን የስልኩን ምስል አትመኑ። በራሳችሁ ስልክ ወይም ባንክ ገንዘቡ መግባቱን አይታችሁ ብቻ እቃውን አስረክቡ። የተቀነባበረ የክፍያ ምስል እያሳዩ እቃ የሚወስዱ አሉ።

ገንዘቡን መለየት

ለሥራው የተለየ የባንክ ሒሳብ ክፈቱ፤ ካልተቻለም ገንዘቡ በሌላ ስልክ ቁጥር ይሁን። የሽያጩ ብር ሁሉ መጀመሪያ እዚያ ይግባ። ሳምንቱ ሲያልቅ ተቀምጣችሁ በሦስት ለዩት። የእቃው መግዣ (በምሳሌያችን 7,380) አይነካም፤ ልጅ ቢታመም እንኳ መጀመሪያ ሌላ በር ይንኳኳ። የጉልበቱ ዋጋ (900) ወደ ቤት ይገባል፤ ይህ ደመወዛችሁ ነው፣ ያለ ሰቀቀን ብሉት። የቀረው ለዋጋ ጭማሪ መጠባበቂያና ለማሳደጊያ ይቀመጥ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ዙሮች ላይ ከዚህ ከሦስተኛው ምንም አታንሱ።

ባልና ሚስት በዚህ ላይ ሳይስማሙ መጀመር የለባቸውም። «ገንዘብ እያለሽ ለምን ኪራዩ ዘገየ?» የሚል ጥያቄ የሚነሳው አንዱ ስለ እቃው መግዣ ሳያውቅ ሲቀር ነው። ደብተሩን ሁለቱም ያንብቡ፣ ሁለቱም ይጻፉበት።

ደንበኛ ማግኘትና ወቅቱን ማወቅ

የመጀመሪያዎቹ ደንበኞች የእድርና የማኅበር ጓደኞች፣ የባለቤታችሁ መሥሪያ ቤት ባልደረቦች፣ የልጆቻችሁ ትምህርት ቤት ወላጆች ናቸው። በትንሽ ላስቲክ ለአንድ ወጥ የሚሆን አድርጋችሁ ስጧቸው። በቴሌግራም ስታስተዋውቁ የታሸገውን ብቻ አታሳዩ፤ ዛላው ሲቀነጠስ፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ ቅመሙ ሲታመስ የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይበልጥ ያሳምናል።

ውጭ አገር፣ ዋሽንግተንም ይሁን ዱባይ ወይም ቴል አቪቭ፣ ዘመድ ካላችሁ፣ በየጊዜው ገንዘብ እንዲልክላችሁ ከመጠየቅ ይልቅ ደንበኛ እንዲሆን ጠይቁት። መንገደኛ በተገኘ ቁጥር ለራሱና ለጓደኞቹ በርበሬ፣ ሽሮና ሚጥሚጣ ያስመጣል፤ ክብሩም ለሁለታችሁ ይሻላል። ለመንገድ የሚሄደው በሁለት ንብብር ይታሸግ፣ የያዘው ነገር ይጻፍበት፣ ክፍያውም እቃው ከቤት ሳይወጣ ይግባ። ተጓዡም በደረሰበት አገር ጉምሩክ ምግብ መያዙን ያስመዝግብ።

በርበሬ የፀሐይ ሥራ ነው። ከኅዳር እስከ የካቲት አዘጋጁ፤ በክረምት ማስጣት አይቻልም፣ የዛላውም ዋጋ ይወደዳል። አቅም ስታገኙ የተወሰነውን ያልተፈጨ ደረቅ ዛላ ከመሬት ከፍ ባለና በደረቀ ቦታ አስቀምጣችሁ በሐምሌና በነሐሴ ብታስፈጩት የተሻለ ዋጋ ያገኛል። ለሽሮ ትልቁ ጊዜ የሁዳዴ ጾም ነው። ሃምሳ አምስት ቀን ሙሉ ይፈለጋል፤ ጾሙ ከመያዙ በፊት ባሉት ሁለት ሳምንታት ትእዛዝ ተቀበሉ። ሽሮ ግን እንደ በርበሬ ለረጅም ጊዜ አይቀመጥም፤ ጣዕሙ ይለወጣል፣ ነቀዝም ይገባበታል። በትንሽ በትንሹ፣ በየሳምንቱ አስፈጩት።

ሱቅ ሲጠይቃችሁ

ለጎረቤትና ለወዳጅ በመሸጥ የተጀመረው ሥራ ሲሰፋ፣ አንድ ቀን የሰፈሩ ሱቅ ወይም ሱፐርማርኬት «በየወሩ አቅርቡልን» ይላችኋል። በዚያ ጊዜ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ምዝገባና ፈቃድ፣ ሕጋዊ ደረሰኝ ያስፈልጋል። ወደ ወረዳው የንግድ ጽሕፈት ቤት ሄዳችሁ መስፈርቱን ጠይቁ፤ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤቱንም አትለፉት፣ መሥሪያ ቦታና ሥልጠና የሚያመቻቸው እርሱ ነው። ተደራጅታችሁ ለመሥራት ከፈለጋችሁ አብራችሁ ስትቀነጥሱና ወፍጮ ቤት ወረፋ ስትጠብቁ የቆያችሁትን ሰዎች ምረጡ፤ ገንዘብ ይዞ ከሚመጣ የማይታወቅ ሰው እነሱ ይሻላሉ።

ለሱቅ ስትሸጡ ባለሱቁም ትርፍ ስለሚፈልግ ከ1,050 በታች ይጠይቃችኋል። ከ920 በታች ግን አትውረዱ፣ መጠኑ ምንም ያህል ብዙ ቢሆን። «ተሽጦ ሲያልቅ እከፍላለሁ» የሚለውን ውል መጀመሪያ ላይ አትቀበሉ፤ ቢያንስ ግማሹን በእጄ ስጡኝ በሉ፣ ቀሪው የሚከፈልበትን ቀን አስፈርሙ። ፈቃድ ካወጣችሁም እድሳቱን አትርሱ፤ የንግድ ፈቃድ ያለ ቅጣት የሚታደሰው ከሐምሌ 1 እስከ ታኅሣሥ 30 ነው። ታኅሣሥ የዛላ መግዣ ወር ስለሆነ በሐምሌ ወይም በነሐሴ፣ ሥራው ቀዝቀዝ ባለበት ጊዜ ጨርሱት።